ጥላ ፎቅ፣ ወንበር ቁጥር አሥራ አምስት

በከተማችን በፔኛማር ዝናብ የሚያቋርጠው እንደገና ለመዝነብ ሲያስብ ብቻ ነው። ስለዚህ ኳስ ሜዳችን የሚመጣው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚበሰብስና የማይበሰብስ። የማይበሰብሱት አራት መቶ ናቸው፤ ጥላ ፎቅ ሥር ቁጥር ያለው ወንበር የያዙት። እኔ አቢሊዮ፣ የከተማው አውቶቡስ ሾፌር የነበርኩት፣ ከአራት መቶዎቹ አንዱ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው።

የጥላ ፎቅ ወንበር አይሸጥም፣ አይወረስም። ባለቤቱ ሲሞት የአባልነት ካርዱ ለክለቡ ይመለስና ከተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ የመጀመሪያው ይጠራል። አምስት ጨዋታ ተከታትሎ ባዶ የሆነ ወንበርም እንዲሁ ይወሰዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ደንቡ በአያቶቻችን ጊዜ ተጻፈ፣ ዛሬም አለ።

አሥራ ሦስት ቁጥር የእኔ ነው። አሥራ አራት የኦብዱሊያ ነው፤ አሥራ አምስት የባሏ የኤሊሴዮ ነበር። ኦብዱሊያ በዓሣ ማሸጊያው ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዓሣ አከርካሪ ስትነቅል የኖረች ሴት ናት። አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ ምላሷም እንደ ቢላዋዋ ነው። ኤሊሴዮ ደግሞ የመርከብ ቀለም ቀቢ ነበር። ሁለቱን ወንበሮች ያገኙት በተጋቡበት ዓመት ነው፤ ኤሊሴዮ ያኔ የክለቡ አባል ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው እሑድ ሲገቡ ኤሊሴዮ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ቁጭ ብሎ ሞከራቸውና፣ "አሥራ አራት ያንቺ፣ አሥራ አምስት የእኔ" አለ። ከዚያ በኋላ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተቀያየሩም።

ኤሊሴዮ በጥላ ፎቅ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር። አንደኛው ዓይኑ ነው። በደቡቡ ግብ በኩል አጨቃጫቂ ነገር ሲፈጠር ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው እሱን ነው። እሱ ጥቂት ዝም ይልና ብድግ ብሎ "ከጨዋታ ውጪ ነው!" ካለ አለቀ፤ ሬዲዮ እንኳን የሚያዳምጡት ሬዲዮውን ትተው እሱን ያምናሉ። ሁለተኛው ጩኸቱ ነው። ጨዋታው በተጀመረ በአሥረኛው ደቂቃ፣ ብናሸንፍም ብንሸነፍም፣ ወደ ክብር ቦታው ዞሮ፣ "ፕሬዚዳንት፣ ሌባ፣ ወደ ቤትህ!" ይላል። በአርባ ሦስት ዓመት ውስጥ ስድስት የክለብ ፕሬዚዳንቶች ተቀያይረዋል፤ ጩኸቱ ግን ያው ነበር። ይህን ሁሉ ብሎ ሲያበቃ በየበጋው የጥላ ፎቁን የብረት ምሰሶዎች በነጻ የሚቀባው እሱ ነው። ስድስቱን ሰማያዊ ምሰሶዎች አንድ በአንድ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ይቀባቸዋል።

ኦብዱሊያ ለኳስ ግድ አልነበራትም። የምትመጣው እሱ ስለሚመጣ ነው፤ ይህንንም በየጨዋታው ትነግረዋለች። እሱ ደግሞ ኳሷ ወደ ደቡብ በሄደች ቁጥር ወደ እሷ ያጋድልና ጆሮዋ ሥር፣ "ምን ሆነ? አየሽ?" ይላታል።

"ወጣች። የእኛ ልጅ ከተከላካዮቹ አልፎ ነበር የቆመው" ትለዋለች። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ "ታየዋለህ? እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ይፈትነኛል" ትላለች። ሲያጋድልባት በክርኗ ጎኑን ትጎስመዋለች። "ፈቀቅ በል አንተ ሰውዬ፣ የራስህ ወንበር አለህ።"

የዛሬ አራት ዓመት በመጋቢት ኤሊሴዮ ሞተ። የሬሳ ሣጥኑን የክለቡ ባንዲራ አለበስነው፤ ስድስት ሆነን ተሸከምነው፤ እኔ ከፊት ነበርኩ። ግማሹ ከተማ ወጥቶ አለቀሰ። በሳምንቱ ኦብዱሊያ አውቶቡሴ ውስጥ ገብታ ከኋላዬ ቆመች።

"አቢሊዮ፣ ካርዱን አልመልስም" አለችኝ።

"ደንቡ እኮ…"

"ደንቡን አውቀዋለሁ። አሥራ አምስት ላይ ዝርዝሩ የላከው የባንክ ጸሐፊ መጥቶ ሽቶው እየሸተተኝ እንዲቀመጥ አልፈልግም። እኔ ሞቱን ለክለቡ አላመለከትኩም፤ አንተም አትናገር።"

"አምስት ጨዋታ ባዶ ከሆነ ግን ይወስዱታል።"

"ባዶ አይሆንም" አለች፤ በሚቀጥለው ፌርማታም ወረደች።

በከተማችን ወደ ቅዱሱ ስፍራ ወደ ሳንቲያጎ በእግር የሚሄዱ ተሳላሚዎች ያልፋሉ። ከየአገሩ ነው የሚመጡት፤ ማረፊያ ቤታቸው ከኳስ ሜዳው ሁለት መንገድ ነው። እሑድ ከሰዓት በዚያ ዝናብ፣ እግሩ ውሃ የቋጠረ ተሳላሚ ደረቅ ወንበርና በፎይል የተጠቀለለ ሳንድዊች ሲያቀርቡለት የማን ወንበር ነው ብሎ አይጠይቅም። ኦብዱሊያ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄደች አንድ ትመርጣለች። ብራዚላዊ አመጣች፣ ሁለት ጊዜ ኮሪያዊ አመጣች፣ አንድ ጊዜ ሙሉውን ጨዋታ ያንኮራፋ የሃንጋሪ ቄስ አመጣች። በአርባ አምስተኛው ደቂቃ ያንን የድንችና የእንቁላል ጥብስ ሳንድዊች ታበላቸዋለች። በረድፋችን ያለነው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እናስተምራቸዋለን፤ በአሥረኛው ደቂቃ ተነስተው "ፕሬዚዳንት፣ ሌባ፣ ወደ ቤትህ!" እንዲሉ። ትርጉሙን አንነግራቸውም። በደስታ ይጮሃሉ፤ እኛም እናጨበጭባለን። ትልቅ የአገር ወግ የተካፈሉ ይመስላቸዋል፤ ደግሞም ተካፍለዋል።

አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ ሁሉም ወደ ኦብዱሊያ ያጋድላሉ። ብራዚላዊውም፣ ኮሪያዊውም፣ ቄሱ እንኳን ተኝቶ። "የውጭ ሰው ትከሻ ይወዳል" ትላለች። እነሱን ግን በክርኗ አልጎሰመችም፤ እንግዳ ናቸው።

እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሄደ። ጥላ ፎቅ ያለው ሰው በሙሉ ኤሊሴዮ መሞቱን ያውቃል፤ ጥላ ፎቅ ያለው ሰው በሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። በር ላይ ካርዱን የሚያየው ሰውዬ፣ ባለጺም ጀርመናዊ ይዛ ስትመጣ፣ "እንደምን ዋልክ ኤሊሴዮ፣ ተሻለህ?" ብሎ ያስገባዋል።

ባለፈው ጥቅምት ግን ጉድ ፈላ። ከክለቡ ለኤሊሴዮ ደብዳቤ መጣ። "የተከበሩ አባል፣ ሃምሳ ዓመት በአባልነት ስለጸኑ፣ እሑድ ከጨዋታው በፊት በሜዳው መሃል የወርቅ ዓርማ ይሰጥዎታል። ባይገኙ የአባልነትዎ ሁኔታ ይጣራል" ይላል። ደብዳቤውን ያወጣው ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ ቀብር አይሄድም።

ኦብዱሊያ ቤቴ መጥታ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ያን ቀን ብቻ ነው ፈርታ ያየኋት።

"ከተጣራ ይወስዱታል" አለች። "እንዳይወስዱት ምን ላድርግ?"

"ታሟል በያቸው።"

"የሐኪም ወረቀት አምጪ ይላሉ። ሐኪሙ የሰጠኝ ወረቀት የሞቱን ነው።"

ተያየን። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ አፍ አውጥቶ ለመናገር ግን ሁለታችንም አፈርን። መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት። "ሰባ ዓመት የሞላው ተሳላሚ ያስፈልገናል።"

እሑድ ጠዋት ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ሽማግሌ አንድ ብቻ ነበር። ዮርን ይባላል፤ ዴንማርካዊ፣ ጡረታ የወጣ አትክልተኛ። ኤሊሴዮ አጭርና መላጣ ነበር፤ ይህ ሰው በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ ነጭ ጸጉሩም ትከሻው ላይ ወርዷል።

"አይመስልም" አልኳት።

"ሰው በሃምሳ ዓመት ይለወጣል" አለች።

ቋንቋ የለንም። ኦብዱሊያ ሳንድዊቹን አሳየችው፣ ደረቱ ላይ በጣቷ ዓርማ ሰካችለት፣ እንዴት እንደሚሄድና እንዴት ጎንበስ እንደሚል በማረፊያ ቤቱ ኮሪደር ውስጥ እየሄደች አሳየችው። ሰውየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። በኋላ እንደገባን፣ ከተማችን በየጨዋታው አንድ ተሳላሚ የምታከብር መስሎታል። ማን ያስተባብለዋል? እኔ እንደሆን የጋራ ወጋችንን አስተማርኩት፤ ቃሉን አምስት ጊዜ አስደገምኩት። የኤሊሴዮን የአንገት ልብስ አደረግንለትና ወሰድነው።

ከቀትር በኋላ ሰባት ሽማግሌዎች መሃል ሜዳ ላይ ተሰለፉ። ዝናቡ ይወርዳል። ፕሬዚዳንታችን የሚኖረው በዋና ከተማ ነው፤ የሚመጣው ለጨዋታ ብቻ ነው፤ ከእኛ ማንንም በስም አያውቅም። እንግዲህ በዚያ ስታዲየም ውስጥ ኤሊሴዮ በሕይወት አለ ብሎ ያመነ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። "አባል ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት" ሲባል ዮርን አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። ከዚያ ከጥላ ፎቅ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሁሉም ተከተለው። ለሟች እንዲህ ሲጨበጨብ ሰምቼ አላውቅም። ኦብዱሊያ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ፤ የዓሣ ፋብሪካ እጅ ነው፣ አሳመመኝ።

"አለፈ" አልኳት። "አለፈ፣ ወንበሩ ያንቺው ነው።"

አላለፈም። ፕሬዚዳንቱ ዓርማውን ሰካለትና ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋለት። ሌሎቹ ስድስቱ "አመሰግናለሁ፣ ክለባችን ለዘላለም ይኑር" ብለው ነበር። ዮርን ከእኛ አገር ቋንቋ የሚያውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ግዙፍ ደረቱ አየር ሳበና፣ እየሳቀ፣ ከልቡ፣ "ፕሬዚዳንት፣ ሌባ፣ ወደ ቤትህ!" አለ። ከዚያም ጎንበስ አለ።

የሆነውን ለመናገር ይቸግራል። መጀመሪያ አንድ ነጭ መሐረብ ታየ፣ ቀጥሎ ሃያ፣ ቀጥሎ ሜዳው ዙሪያውን ነጭ ሆነ፤ በእኛ ዘንድ መሐረብ የሚውለበለበው አንድን ሰው "ሂድልን" ለማለት ነው። በዝናብ የበሰበሱት ስድስት ሺህ ሰዎች የኤሊሴዮን ስም እየጠሩ ዘፈኑ። በሕይወት ሳለ አንድም ቀን አልዘፈኑለትም። ፕሬዚዳንቱ ጃንጥላውን ሜዳው ላይ ትቶ ሄደ። ዮርን ወደ እኛ ሲመለስ እጁን ያልጨበጠው ሰው የለም፤ እሱም ወደ ኦብዱሊያ ትከሻ አጋድሎ ጨዋታውን ጨረሰ። ሁለት ለባዶ ተሸነፍን፤ ይህን ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ዮርን መንገዱን ቀጠለ፤ የወርቅ ዓርማውም ደረቱ ላይ ነበር።

"ለምን አልተቀበልሽውም?" አልኳት።

"ምን ብዬ? የተሸለመው እኮ እሱ ነው።"

የኤሊሴዮ ወርቅ በዴንማርካዊ እግር ሳንቲያጎ ተሳልሟል ማለት ነው። ኤሊሴዮ ራሱ በእግሩ ከወደቡ ያለፈ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ከክለቡ ጸሐፊ ከኢላሪዮ "ትፈለጊያለሽ" የሚል መልእክት መጣላት። አብሬያት ሄድኩ። ኦብዱሊያ ጥቁር ልብሷን ለብሳለች። ኢላሪዮ ከወረቀት ቁልል ኋላ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎም አላየንም።

"ኢላሪዮ፣ እኔ የምናዘዘው ነገር አለ" አለችው ሳትቀመጥ። "ኤሊሴዮ ሞቷል።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ኦብዱሊያ፣ ሣጥኑን ከተሸከምነው አንዱ እኔ ነኝ። ከኋላ በግራ በኩል። እስከ ዛሬ ትከሻዬን ያመኛል።"

እኔ ከፊት ስለነበርኩ አላየሁትም።

"ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልክ?"

"ሚስቱ ሞተ ሳትለኝ እኔ ምን አግብቶኝ እገድለዋለሁ?" መነጽሩን አወለቀ። "በተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ምክንያት የጠራሁሽ እንዳይመስልሽ። ከሚጠባበቁት ግማሾቹም ሞተዋል። የጠራሁሽ ለሌላ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ደውሏል። አባል ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ክለቡን በአደባባይ ስለሰደበ በሜዳችን ሦስት ጨዋታ እንዳይገባ ታግዷል። ይኸው ማኅተሙ።"

ወረቀቱን አየሁት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ሳቄ መጣ፤ የኦብዱሊያን ፊት ሳይ ግን ተመለሰ።

"የሞተ ሰው ታግዳላችሁ?" አለች።

"ምርጫው ያንቺ ነው። ሞቷል ካልሽ እገዳው ይቀራል፤ ካርዱም ይመለሳል። አልሞተም ካልሽ ካርዱ አለ፤ እገዳውም አለ። ወንበሩ ሦስት ጨዋታ ባዶ ይሁን፤ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ያያል። ተሳላሚ እንዳታመጪ።"

ኦብዱሊያ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው። "ይታገድ" አለች በመጨረሻ። "ይገባዋል። አፉን አይዝም ነበር።"

የመጀመሪያው የእገዳ እሑድ እንደተለመደው ይዘንባል። ወንበር ቁጥር አሥራ አምስት በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሆነ። ኦብዱሊያ ሁለት ሳንድዊች ይዛ መጥታለች፤ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። አንዱ ከኋላችን ያለ ሰው የሚያንጠባጥብ ጃንጥላውን ባዶው ወንበር ላይ ደገፍ አደረገ።

"አንሳው፣ ሰው አለበት" አለችው።

ሰውየው አነሳ። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ኳሱን አላየችም፤ ወንበሩን ነው የምታየው። በአሥረኛው ደቂቃ ማንም አልጮኸም። ረድፉ በሙሉ አንገቱን ደፋ። የዚያን ጊዜ ነው ኤሊሴዮ የሞተው፤ አራት ዓመት ዘግይቶ። ያለ ድምፅ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት፣ ምን አሳፈረኝ።

ከእረፍት በኋላ ስንመለስ ባዶውን ማየት አልቻለችም መሰለኝ፣ አለፍ ብላ ራሷ አሥራ አምስት ላይ ተቀመጠች። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተቀምጣበት አታውቅም። ቦርሳዋን አሥራ አራት ላይ አኖረች።

ጥቂት ቆይቶ ኳሷ ወደ ደቡብ ሄደች። ጩኸት ሆነ፣ ሰው ተነሳ፣ እኔም ተነሳሁ።

"ምን ሆነ?" አለችኝ።

"ገባ እኮ። አላየሽም?"

"አልታየኝም።"

ጎንበስ ብዬ በእሷ በኩል ተመለከትኩ። ከፊቷ ከጣሪያው የወረደው ሰማያዊ ምሰሶ ቆሟል፤ ግቡን ከአንዱ ቋሚ እስከ ሌላው ጥርግ አድርጎ ሸፍኖታል። ከአሥራ አራት ሲያዩት ምሰሶው ግቡን አይሸፍንም፤ ከአሥራ ሦስትም አይሸፍንም። አሥራ አምስት ላይ የተቀመጠ ሰው ደቡቡን ማየት ከፈለገ አንድ መንገድ ብቻ አለው፤ ወደ ግራ ማጋደል።

ኦብዱሊያ ቀስ ብላ ወደ ግራ አጋደለች፤ ወደ ራሷ ወንበር፣ ቦርሳዋ ወዳለበት። እንደዚያ ሆና ጥቂት ቆየች።

"አሁን ይታያል?" አልኳት።

"በጥቂቱ" አለች። ከዚያ ቀና አለችና እጇን ክርኗ ላይ አደረገች። "አርባ ሦስት ዓመት ጎሰምኩት፣ አቢሊዮ።"

ከኋላችን ያለው ሰውዬ፣ ምንም ያልሰማው፣ "ከጨዋታ ውጪ አልነበረም እንዴ? ኤሊሴዮ ቢኖር ይነግረን ነበር" አለ።

እገዳው ካለቀ ቆይቷል። ኦብዱሊያ አሁን የምትቀመጠው አሥራ አምስት ላይ ነው፤ ተሳላሚዎቹን አሥራ አራት ላይ ታስቀምጣቸዋለች። ባለፈው እሑድ ያመጣቻት የፖላንድ መምህርት ነበረች። ኳሷ ወደ ደቡብ ስትሄድ ኦብዱሊያ ወደ እሷ አጋደለችና፣ "ምን ሆነ? አየሽ?" አለቻት። መምህርቷ ቋንቋውን አታውቅም፤ ትከሻዋን ነቀነቀች። ኦብዱሊያ ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያ ብድግ ብላ "ከጨዋታ ውጪ ነው!" ብላ ጮኸች። ጥላ ፎቅ በሙሉ አመናት።